ሌባ ጣት

መጀመሪያ የኮበለለው ሌባ ጣቴ ነበር፤
ከኩባያው ጆሮ ላይ ሳያስታውቅ ሲሰወር፣
ሸክላው ወለል ላይ ሲደቅ፣ ሻዩ ሲንቆረቆር፣
«ስሙስ ሌባ አይደል?» ብዬ ሳቅሁ፤ ቀላል መስሎኝ ነበር።

በሳምንቱ አውራ ጣቴ ተከተለው።
ከዚያ ከትከሻ እስከ ክርን አንድ የጋለ ክር፣
ቀን የሚያጉረመርም፣ ሌሊት የሚጮኽ፣
ትራስ የማያባብለው።

ግራ እጅ ሲያም ሰው የሚጠረጥረው ልቡን ነው።
ባሌ ኤውሎሂዮ ሸሚዙን ገልብጦ ለብሶ
ከኮረብታችን፣ በሽቦ በሚጎተተው ሣጥን፣
በጭጋግ ይዞኝ ወረደ፣ ሊያለቅስ ደርሶ።
ሐኪሙ ደረቴ ላይ ሽቦ ለጣጠፈ፤
«ይህማ የፈረስ ልብ ነው» አለና ወረቀቱን አጠፈ።
ደስ ሊለኝ ሲገባ ተናደድሁ፤
ልቤ ካልሆነ፣ በማን እሳት ነው የነደድሁ?

ሰማያዊ የእጅ አንጓ ማሰሪያ ከገበያ ገዛሁ፤
ሌባው ከሄደ ወዲያ በሩን ቆለፍሁ።

ሥራዬን ልንገራችሁ። ቫልፓራይሶ ወደብ ላይ
ከመሬት ዐርባ ሜትር፣ ከባሕር ወፍ ጋራ፣
በክሬን አናት፣ በመስታወት ጎጆ ውስጥ ተሰቅዬ
በእግሮቼ መሃል ባለው መስኮት ቁልቁል ሳይ፣
ኮንቴይነር ሳወርድ፣ ኮንቴይነር ስጭን፣ በየተራ፣
ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት።
አንገት ደፊ አገር አጥፊ ይባላል።
እኔ አንገቴን ደፍቼ አገር ሳበላ፣ አገር ሳለብስ፣
የጠፋው አገር ማጅራቴ ነበር፤
ከኋላዬ፣ ሳላየው፣ ቀስ በቀስ ሲፈርስ።

ዶክተር ማካያ አጭር ሴት ናት፤ በርጩማ ላይ ወጣች፣
ራሴን ወደ ግራ አዘነበለች፣ በመዳፏ ከላይ ተጫነች።
እሳቱ ከማጅራቴ ተነሣ፤
በትከሻ፣ በክንድ፣ በክርን ወርዶ
አውራ ጣቴ ጫፍ ላይ ጮኸ።
«አገኘሁት» አለች። «ሌባው እጅሽ ውስጥ አይደለም።
እጅሽ የተሰረቀው ቤት ነው።»

እንደ መርከብ ሆድ በሚያንኳኳ ማሽን ውስጥ አስተኙኝ።
ሥዕሉ ሲመጣ ግን ማንም ሳያስረዳኝ ገባኝ፦
ሰባት ኮንቴይነር፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተደርድሮ፣
ከሁሉም በላይ ራስ፣ ያ ከባድ፣ ያ ክብ ጭነት፤
በየመሃሉ ትራስ፣ በየጎኑ ቀዳዳ፣
በየቀዳዳው የሚወጣ ነርቭ፣ ወደ ክንድ ሊነጉድ፣ ወደ ጣት።
ቆጠርሁ። አጥንቱ ሰባት፣ ነርቩ ስምንት።
«ሰነዱና ጭነቱ አይገጥምም» አልኋት።
ሳቀች። «የመጀመሪያው ከሰባቱም በላይ፣
ከራስ ቅል ሥር ነው የሚወጣው፤ ጉድለት የለበትም።
ያንቺን ጉድ እዚህ ጋ እዪ፤»
ካምስተኛው በታች፣ ከስድስተኛው በላይ
ትራሱ ተጨፍልቆ ጎኑ ተርፎ ወጥቷል፤
ነርቩም፣ በር ላይ ጣቱ እንደተቀረቀረ ሕፃን፣
እዚያ ተቆንጥጦ፣ እዚህ ይጮኻል።

እሪታውን የሚያበርደው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦
ግራ እጄን አናቴ ላይ ስጭን።
እንዲያ ሆኜ የሰፈራችንን ደረጃ ስወጣ
ጎረቤቴ ግሪሴልዳ ከመስኮት ብቅ አለች፤ ደነገጠች፤
«ማን ሞተብሽ?»
«ማንም። አንገቴ ነው።»
«እኔማ ኤውሎሂዮ መስሎኝ!» አለች።
ኤውሎሂዮ ከኋላዬ ዳቦ ታቅፎ፣
«አለሁ፣» አለ፣ «ገና አለሁ።»

ቢላ አልነካኝም። ስድስት ሳምንት እረፍት፣
ጥቂት ክኒን፣ ብዙ ግድግዳ፤
ጀርባዬን ለግድግዳው ሰጥቼ አገጬን ወደ ኋላ መሳብ፣
ዋጋ ሲጠሯት እንደተቆጣች እመቤት።
መጀመሪያ የተመለሰው እንቅልፌ ነው። ከዚያ አውራ ጣቴ።

አንገት የተሠራው አዙሮ ለማየት ነው ይላሉ።
ዛሬ ከደረጃው ላይ አዙሬ አየሁ፦
የኔ ክሬን፣ ከሩቅ ቀጭን፣ እንደ ውሃ ወፍ፤
ጎጆው ውስጥ ሌላ ሰው፣ አዲስ ልጅ፣ ሚያራይ ነው ስሟ፣
ሃያ አራት ዓመት፣ ማጅራቷ ሽመል፣
አጎንብሳ።
ብጠራት አትሰማም።

ሌባ ጣቴም ገብቷል፣ በሌሊት፣ ሳይናገር።
ጫፉ ላይ ግን አንድ ሳንቲም የምታህል ቦታ
እስካሁን አልመጣችም።
ሽንኩርት ስከትፍ ቢላዋውን ወደዚያ ሳስጠጋ
ጣቴን በዓይኔ እጠብቃለሁ።